አባቴ የጠበቀው ራጅ

አባቴ ደስታ አይችልም ነበር። ኀዘን ይችላል፣ ችግርም ይችላል፤ ደስ ያለው ቀን ግን ነቀምቴ ሳትሰማ አታድርም። አናጺ ስለነበር በየሰው ቤት ይገባል። በር ሲገጥም፣ አልጋ ሲያቆም፣ ለቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ሲመታ እጁ ይሠራል፣ አፉ ያወራል። የመጀመሪያ ልጁ እኔ ነኝና የሚያወራው በአብዛኛው ስለ እኔ ነበር።

ስለዚህ ከእንግሊዝ አገር "የምሠራው በራጅ ነው" ብዬ የጻፍሁለት አንድ መስመር ሳይውል ሳያድር ከግቢያችን ወጥቶ ገበያ ወረደ፤ ከገበያው ደግሞ ከበቅሎ ነጋዴዎች ጋር አርጆ ደረሰ። የአናጺው ልጅ የሰው ሆድ ውስጥ የምታይ ሐኪም ሆናለች ተባለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል?

አልዋሸሁም። በራጅ ነበር የምሠራው። ብቻ በራጅ የማነሳው ሰው አልነበረም፤ ዩራኒየም የሚባል ከባድ ብረት ነው። ይህንንም ጽፌለት ነበር። አባቴ ያልገባውን ዘሎ የገባውን አወራ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ አልፈርድበትም።

ሥራችን እንዲህ ነበር። ጣት የምታህል የዩራኒየም ዘንግ እንቆርጥና ፊቷን አለስልሰን ቀጭን የራጅ ጨረር እንለቅባታለን። ጨረሩ ብረቱ ውስጥ በሥርዓት የተደረደሩትን አቶሞች እየመታ በየአቅጣጫው ይበተንና ፊልም ላይ ነጠብጣብና ቀለበት ይተዋል። እኛ ከነጠብጣቡ ተነስተን ወደ ኋላ እያሰላን አቶሞቹ እንዴት እንደተደረደሩ እንናገራለን። ዩራኒየም ግን ራጅ ይበላል። ጨረሩን ከፊቱ ላይ ውጦ ስለሚያስቀረው የጠጉር ውፍረት ያህል እንኳ ዘልቆ አይገባም። በራጅ ያየነው ሁሉ የብረቱን ቆዳ ነው። ውስጡን ማየት የፈለገ ሰው የአቶም ምድጃ ካለበት ቦታ ሄዶ ኒውትሮን የሚባለውን ሌላ ጨረር ለመጠቀም ተራ ይለምናል። ኒውትሮን የዩራኒየም ክብደት አያስፈራውም፤ ዘንጓን ከዳር እስከ ዳር አልፎ ይወጣል። ያን ክረምት እኔም የኒውትሮን ተራ ደርሶኝ ነበር። ቀኑ ለመስከረም መጨረሻ ስለተቆረጠልኝ ከዚያ በፊት ባለችው ጊዜ አገሬ ደርሼ ልምጣ አልሁ። ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ነበሩ፤ የነቀምቴም መንገድ ገና ጭቃ ነበር።

ግቢያችን ስገባ አግዳሚዎች ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ በላያቸውም ሰው ተቀምጧል። ለቅሶ መሰለኝና በሩ ላይ ቆምሁ። እናቴ ከማድ ቤት ብቅ አለች። እናቴ ጎጃሜ ናት። አባቷ ለንግድ መጥቶ ነቀምቴ የቀረ ሰው ነው፤ እሷም እዚያው ተወልዳ አድጋ ከተማውን "ለቀምት" ማለቷን አልተወችም።

"አንች ልጅ፣ አትደንግጭ" አለችኝ። "ሰው አልሞተም። በሽተኞችሽ ናቸው።"

እንቅርት ያለባት ሴት ነበረች። ክንዱ ተሰብሮ ተጣሞ የጋጠመ ጎልማሳ ነበረ። ወገባቸውን የሚያማቸው አዛውንት ደግሞ ለዚሁ ብለው ከአርጆ በበቅሎ መጥተዋል። ሁሉም ተነስተው "አካም ጅርታ? ፈያዳ?" እያሉ ሰላምታ አዥጎደጎዱብኝ። እኔም ደኅና መሆኔን በኦሮምኛም በአማርኛም ከመለስሁ በኋላ ሐኪም አለመሆኔን መናገር ነበረብኝ። የአርጆው አዛውንት በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ዕቃውን አላመጣሽውም ማለት ነው፣ ኢንታላ ኮ?" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው።

"ዕቃው ቢኖርም አልችልም፣ አባኮ። እኔ የማየው ብረት ነው።"

"ይሁን" አሉና ጀርባቸውን አዙረው ኩታቸውን ገለጡልኝ። "እንግዲያ በዓይንሽ እይኝ።"

በዓይኔ አየኋቸው። ምን ላድርግ? ወገባቸውን ዳበስ አድርጌ ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ለመንኋቸው፤ እሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ። ሁሉንም እንዲሁ ሸኘሁ። ስሸኝ ግን ውስጤ እየተቃጠለ ነበር። እኔ ንዴት ቶሎ የሚመጣብኝ ሰው ነኝ፤ አባቴን ሳገኘው የምለውን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር።

አባቴ ከእንጨት ሥራ ክፍሉ ሰጋቱራውን ከኮቱ ላይ እያራገፈ መጣና አቀፈኝ። ያቀፍሁት ኮት ነው እንጂ ሰውየው ጠፍቷል። የጎድኑ አጥንት አንድ በአንድ እጄ ላይ መጣ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ሳለ፤ ሳሉም ቶሎ አላቆመም። ያዘጋጀሁት ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም።

ምሳ ከበላን በኋላ ወንድሜ ወደ ጓሮ ጠራኝ። ታናሼ ነው፤ እዚያው ከተማ አስተማሪ ነበር።

"ካለፈው ክረምት ጀምረው ነው የሚስሉት" አለኝ። "ሐኪም ቤቱ እዚህ ነው፤ ራጁም እዚህ ነው። ለምኜ ለምኜ ደከመኝ። አንጋፋዬ እስክትመጣ ማንም አያየኝም ነው የሚሉት።"

ይህን ማስረዳት አለብኝ። በአባቴ ወገን ነገር ሁሉ የሚጀመረው ከአንጋፋ ነው። አንጋፋው ሳያገባ ታናሹ አያገባም፤ አንጋፋው ሳይጠየቅ የቤቱ ምክር አያልቅም። ይህ ለወንድ ልጅ የሚሰጥ ክብር ነው። አባቴ ግን "ቀድማ የመጣችው እሷ ናት" ብሎ ለእኔ ሰጠኝ፤ ሽማግሌዎቹ ቢያጉረመርሙም አልሰማቸውም። ወንድሜ "እርስዎ" እያለ ሲያናግረው እኔን "አንተ በዪኝ" ብሎ ያስለመደኝ እሱ ነው። እና አሁን ራጅ የተማረች አንጋፋ እያለችው ደረቱን ለሌላ ሰው ከፍቶ ማሳየት እኔን መናቅ መሰለው። እኔን ላለመናቅ ዓመት ሙሉ ሲስል ከረመ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አልሁት" አለች እናቴ፣ ሰምታን ኖሮ። "ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። አንችው እንዳመጣሽው አንችው መልሽው።"

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ክፍሉ ገባሁ። የዋንዛ ሳንቃ ይልጋል። ትንሽ ልጎ ይቀመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ይነሳል። አጠገቡ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጥሁ።

"አባዬ፣ እኔ በራጅ የማነሳው ብረት ነው።"

"ብረቱ ምን ሆኖ?"

"ምንም አልሆነም።"

"ሳያመው?"

"ሳያመው።"

መላጊያውን አስቀመጠ። "እኔ ልጄን ባሕር ያሻገርሁት ጤነኛ ብረት እንድትመረምር ነው በዪኛ።"

ሳቅሁ። እሱም ሳቀና ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት። እስኪበርድለት ጠብቄ፣ ዩራኒየም የሚያመውስ ያመዋል አልሁት። የአቶም ምድጃ ውስጥ ሲሞቅና ሲበርድ፣ ሲሞቅና ሲበርድ ቀጥ ያለው ዘንግ ይረዝማል፣ ይጣመማል። ምክንያቱም እያንዳንዷ የብረቱ ቅንጣት ስትሞቅ በሁለት አቅጣጫ እያበጠች በሦስተኛው ትኮማተራለች። ቅንጣቶቹ በየፊናቸው ቢዞሩ ችግር የለም፤ ብረቱ ሲዳመጥ ግን ብዙዎቹ ወደ አንድ ወገን ይዞራሉ። ወዴት እንደዞሩ ማወቅ ነው ሥራዬ።

አባቴ ከመሬት ቁራጭ ዋንዛ አነሳ። በጥፍሩ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ አሳየኝ።

"ይኸው ነው" አለ። "እንጨት ሲረጥብ በወርዱ ያብጣል፣ በቁመቱ ንቅንቅ አይልም። ለዚህ እኮ ነው በር በክረምት የሚነክሰው። ጅማቱ ወዴት እንደሄደ ሳላይ በር አልሠራም።"

ግማሹ ልክ ነበር። የእኔ ብረት በአንዱ ወገን ጭራሽ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ እንጨት ግን አይሰበሰብም። አላረምሁትም። ያን ሁሉ ዓመት የሠራሁትን ሥራ ከቤታችን አንድ ሰው ሲይዘው የመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር።

"እንግዲህ" አለ ቁራጩን እያስቀመጠ፣ "ብረት ውስጥ የሚያይ ሰው ሥጋ ያቅተዋል? ሥጋ ከብረት ይለሰልሳል።"

አካሄዱ ቀጥ ያለ ነው፤ የደረሰበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

"የሰው ማንበብ አልተማርሁም፣ አባዬ።"

"ትሞክሪያለሽ።"

"ብሳሳትስ?"

"ሌላ ሰው ልክ ከሚሆንብኝ አንቺ ብትሳሳቺ ይሻለኛል።"

ያን ጊዜ ንዴቴ መጣ። ሰጋቱራውን አራግፌ ተነሳሁና ሐኪም ቤት ካልሄደ በነገው አውቶቡስ እንደምመለስ ነገርሁት። እሱም እንደ ዋጋ ተከራካሪ ነጋዴ ግማሽ መንገድ መጣ። ይሄዳል፤ ግን ራጁን የማነሳው እኔ ነኝ፣ ሌላ እጅ አይነካውም።

የሐኪም ቤቱን ራጅ የሚያነሳው አንድ ድሬሰር ነበር፤ ረጋ ያለ የከተማው ልጅ። ቀድሜ ሄጄ ላነጋግረው ስገባ ፊቱ ጥቁር አለ።

"ሰምቻለሁ" አለኝ። "ቦታዬን ልትይዢ ነው አይደል?"

ነገሩን ሁሉ አጫወትሁት። ሲገባው እስኪያስነጥሰው ሳቀ። "እኔ ሳዘጋጅ አንቺ ቁልፉን ትጫኛለሽ፤ ማን ያውቃል?" አለ። ሐኪሙም ፈቀደ።

አባቴ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ ደረቱን ቀዝቃዛው ሰሌዳ ላይ አስደገፈ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር። የትከሻው አጥንት እንደ ሁለት ሳህን ተገልብጦ ወጥቷል። ወንድሜ ኮቱን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

"የምትጫነው እሷ ናት?" አለ አባቴ ፊቱን ሳያዞር።

"እሷ ናት፣ አባኮ" አለ ድሬሰሩ። "ትንፋሽዎን ይያዙ።"

ከመከለያው ኋላ ሆኜ ተጫንሁ። ያ ጉርምርምታ፣ ያ ጠቅ ማለት፣ እንግሊዝ አገር በየቀኑ የምሰማው ድምፅ ነው።

ጨለማው ክፍል ውስጥ ድሬሰሩ ፊልሙን ከመድኃኒቱ አውጥቶ ውኃው እየተንጠባጠበ ሰጠኝ። እኔ በሥራዬ ነገሩን ራሱን አይቼው አላውቅም። የማየው ነጠብጣብ ነው፤ ከነጠብጣቡ ተነስቼ የማላየውን ነገር እናገራለሁ፤ ስናገርም ልክ ነኝ። አሁን ግን ነገሩ ራሱ እጄ ላይ ነበር። የአባቴ ጎድን፣ የአባቴ አንገት አጥንት፣ የአባቴ ልብ ጥላ። እያየሁት ምንም አላወቅሁም። ነጩ ደመና የቱ ደኅና የቱ በሽታ እንደሆነ ቢገድሉኝ አልናገርም ነበር።

ሐኪሙ አዛውንት ፈረንጅ ነበር፤ ብዙ ዓመት ስለኖረ አማርኛውም ኦሮምኛውም ይሄዳል። ፊልሙን ብርሃን ላይ ለጥፎ በእርሳስ ከቀኝ በኩል፣ ከአንገት አጥንት ሥር፣ አንድ ክብ ጥላ ዞረ። የሳንባ ነቀርሳ ነው አለ። ይድናል፤ በየቀኑ መርፌ፣ ከዚያ ዓመት የሚያልፍ ክኒን ይፈልጋል፤ ካቋረጠው ግን አይድንም። ይህች ክብ ቦታ ቀዳዳ ናት፤ ሳሉ ሲጀምር መጥተው ቢሆን አትኖርም ነበር። ነቀርሳው ይጠፋል፣ ይህ የሳንባው ክፍል ግን አይመለስም።

አባቴ ሐኪሙን አላየውም። ከጅምሩ እስከ መጨረሻው የሚያየው እኔን ነበር።

"ማል አርግቴ?" አለኝ። ምን አየሽ ነው የሚለው።

ወንድሜ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። "አይቻለሁ በያቸው፣ እታለም" አለኝ በሹክሹክታ። "አለዚያ መርፌውን አይቀበሉም።" እውነቱን ነው፤ አይቀበልም ነበር። አላየሁም ብል ኮቱን ለብሶ ይወጣል። አይቻለሁ ብል ደግሞ ከእንግዲህ ጉንፋን ሲይዘው እንኳ እኔን ይጠብቃል፤ እኔም ሁልጊዜ ባሕር ማዶ ነኝ።

"አይቻለሁ፣ አባዬ" አልሁት። "ግን ያየሁት እሱ ካሳየኝ በኋላ ነው። ብቻዬን ሆኜ ቅድም ስይዘው ምንም አላወቅሁም። አሁንም እሱ ባይኖር አላውቅም።"

"ምን ታህላለች?" አለ አባቴ።

"እንቁላል ታህላለች።"

"መች የበቀለች ናት?"

ሐኪሙ፣ ባለፈው ክረምት ግድም ሳትሆን አትቀርም አለ። አባቴ በጣቶቹ እንቁላሏን አየር ላይ ለካት። ሳንቃ ሲለካ እንደሚያደርገው አንድ ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

"እንግዲያ አንቺን ስጠብቅ ነው ያደገችው" አለ።

ሊወቅሰኝ አይደለም፤ ሒሳቡ ስለመጣለት ነው የተናገረው። እኔ ግን እንባዬ መጣ። አባቴ እንባ ሲያይ መሸሽ እንጂ ማባበል አያውቅበትም፤ ያን ቀን መሸሻ ስላልነበረው ቀለደ።

"ምን ያስለቅስሻል? አንቺን ስጠብቅ ያላደገ ነገር የለም። ጢሜን አታዪም?"

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሐኪሙ ዞረ። እጅጌውን ጠቀለለና ቀጭን ክንዱን ዘርግቶ፣ "ገለቶሚ፣ ሐኪም" ብሎ አመሰገነው። "ያየኸው አንተ ከሆንህ አንተው ውጋኝ።"

መርፌውን እስኪለምደውና ሳሉ እስኪረግብ ሳልሄድ ቆየሁ። በየጠዋቱ ሐኪም ቤት አብረን እንወርዳለን፤ ሲመለስ ደግሞ ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስቆመ "ልጄ በራጅ አንስታኝ ፈረንጁ አነበበው" ይላል። ይኸኛው ወሬ ቢያንስ እውነት ነበር። የኒውትሮን ተራዬ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ሌላ ተራ እስኪደርሰኝ ብዙ ጠበቅሁ፤ አልቆጨኝም። የአባቴ መልክ እየተመለሰ ነበር። ሳንቃም ቢሆን ከዚያ በኋላ አጭር አጭሩን ይልግ ነበር እንጂ አልተወውም።

የምሄድ ዕለት አውቶቡሱ ጋ ቆመን፣ "አባዬ፣ ማልልኝ" አልሁት።

"እኛ አንምልም" አለ። የወንጌል ሰው ነው። "አዎ ካልሁ ይበቃል።"

"እንግዲያ አዎ በለኝ። ከእንግዲህ ሲያምህ እኔን አትጠብቅም። አንድ ቀን ብትስል፣ አንድ ቀን ቢያዞርህ በዚያው ሰዓት ከወንድሜ ጋር ትሄዳለህ።"

"አንጋፋነትሽስ?"

"ለበሽታ ብቻ ለወንድሜ ሰጥቼዋለሁ።"

ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አየው፤ እንደ አዲስ ዕቃ። "አዎ" አለኝ።

ነቀርሳው ድኖ ከቆየ በኋላ፣ ንጉሡ ሳይወርዱ፣ አንድ ጠዋት ደረቱን ውግት አደረገው። እናቴ እንደነገረችኝ ዕቃውን እንኳ ሳይሰበስብ ተነሳና ወንድሜን አስጠራ፤ በራሱ እግር ሐኪም ቤት ገባ። ልቡ ነበር። ወንድሜ አልጋው አጠገብ ሆኖ፣ "ለእታለም ቴሌግራም ልምታላት፤ እስክትደርስ አይዞዎት፣ ይጠብቋት" ሲለው፣ አባቴ ራሱን ነቀነቀ አሉ። "እንዳልጠብቃት አዎ ብያታለሁ" አለው።

ቴሌግራሙ ሲደርሰኝ የዚያኑ ቀን ተነሳሁ። አዲስ አበባ ወርጄ፣ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዤ፣ ያን ሁሉ ጭቃ አልፌ ግቢያችን ስገባ አግዳሚዎቹ ዙሪያውን ተደርድረው ሰው ተቀምጦባቸዋል። በዚያኛው ጊዜ በሽተኞች ነበሩ።

ቀብሩ አልፎ ነበር። ሐኪሙ፣ በሰዓቱ ነው የመጡት፣ የሚደረገው ሁሉ ተደርጎላቸዋል አለኝ። ሁሉም እንዳልሁት ሆነ። አዎ ያስባልሁት እኔ ነኝ፤ ልክም ነበርሁ፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አስብለው ነበር። ግን ጥቂት፣ አውቶቡሱ እስኪደርስ ብቻ ቢጠብቀኝ ምን ነበረበት?